«እውነቱን ነገርኩት፣ እሱ ግን ስልኬን ማንሳት አቆመ»

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ነው የማነበው። አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዕድሜዬ 29 ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። አልጠጣም፣ አላጨስም። ያለችኝ አንድ ሱስ ሙዚቃ ናት። ሰው ሁሉ የሚሰማውን ዓይነት አይደለም፤ ኤሌክትሮኒክ፣ በተለይ ሳይኬደሊክ ትራንስ የሚባለውን ነው። የዛሬ 11 ዓመት አንድ የሰፈር ልጅ ሃሉሲኖጅን የሚባለውን አርቲስት «ትዊስትድ» አልበም በፍላሽ ሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንደተያዝኩ ነኝ። የሰማሁትን አልበም ሁሉ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ፦ ስሙን፣ ዓመቱን፣ አስተያየቴን፣ መጨረሻ ላይ ከ10 ስንት እንደሰጠሁት። ሦስተኛ ደብተሬ ላይ ነኝ፤ 214 አልበም ደርሻለሁ። 10 ያገኙት አራት ብቻ ናቸው፦ «ትዊስትድ»፣ የሽፖንግል የመጀመሪያው አልበም፣ የኤፌክስ ትዊን «ሴሌክትድ አምቢየንት ዎርክስ 85–92» እና የኢንፌክትድ መሽሩም «ክላሲካል መሽሩም»። ኢንፌክትድ መሽሩም ዘፈን ማብዛት ከጀመሩ ወዲህ ላወጡት ግን ከ4 በላይ አልሰጥም። ይህን የምዘረዝርልዎት ነገሩን እንደ ቀልድ እንደማላየው እንዲያውቁልኝ ነው።

ሰበታ የሚኖር አንድ የልብ ጓደኛ አለኝ። ይህን ሙዚቃ የምናወራው እኔና እሱ ብቻ ነን ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በአሮጌ ላፕቶፕ ሲሠራ ከርሞ 9 ትራክ ያለው አልበም ጨረሰ። በፍላሽ አመጣልኝና «ስማውና ንገረኝ» አለኝ። ሦስት ቀን ሰማሁት። ለሌላው እንደማደርገው ሁሉ ያሰብኩትን ጻፍኩ፦ ባሱ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ድፍርስ ነው፤ ሲንቱ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚፈጠረው ድምፅ) የ1995 ቅጂ ነው፤ አራተኛው ትራክ ላይ ያስገባው የወፍጮ ቤት ድምፅ ቦታው አይደለም። 3 ከ10። ቅዳሜ ሳሪስ ማኪያቶ ስንጠጣ ከደብተሬ ላይ አነበብኩለት፤ ሌሎች ሁለት ጓደኞቻችንም ነበሩ፣ ትንሽ ሳቅንም፣ ከዚያ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነሳ። ይኸው ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ ስልክ አያነሳም። ልጆቹ አሁን «ወፍጮ ቤት» ብለው ይጠሩታል፤ እሱን ግን እኔ አላወጣሁለትም።

በዚህ ላይ እናቴ አለች። ማታ ሙዚቃ ስከፍት ግድግዳውን በመዳፏ ትመታለች። ጎረቤታችን ደግሞ ክፍሌ ውስጥ የለጠፍኳቸውን የአልበም ሽፋኖች አይታ፣ ዓይኑን፣ እንጉዳዩን፣ ሰማያዊውን ፊት፣ «ልጅሽ ደህና ነገር ላይ አይደለም» ብላታለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ክፍሌ በጠበል ርሶ ጠበቀኝ። ትራሴ ሳይቀር። መሳቅም መናደድም አቅቶኝ ቁጭ አልኩ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እውነት መናገር ጥፋት ነው? ዋሽቼ 8 ልስጠው ነበር? እናቴንስ ምን ብዬ ላስረዳት?

ከቱሉ ዲምቱ


ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደጻፍከው፤ ቀጥሎ ግን አንዲት ቃል ስፈልግ። «ትንሽ ሳቅንም» የምትለዋን። ከማኪያቶውና ከሁለቱ ልጆች ኋላ ሸጉጠሃት ቶሎ አልፈሃል። እመለስባታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። አንተ የምትሰማውን ሙዚቃ አላውቀውም ነበር። ስለማላውቀው ነገር ምክር መስጠት ደግሞ ያሳፍረኛል። ስለዚህ የወንድሜን ልጅ አስቸግሬ 10 ከሰጠሃቸው ሁለቱን ስልኬ ላይ አስጫንኩና ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በምመላለስበት አውቶቡስ ሰማኋቸው። የጀሞ መንገድ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ፤ አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር ለመስማት የሚበቃ ጊዜ አለው።

«ትዊስትድ» አስጨነቀኝ። እውነቴን ነው። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ ሲወርድ ከሥሩ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ፤ ማጥፋት ፈልጌ ነበር። ምስጋናው ላንተ ደብዳቤ ይሁንና አላጠፋሁትም። ጀርመን አደባባይን አልፈን ስንቆም ግን አንድ ነገር ሆነ። ከበሮው ሳይለወጥ፣ ከላዩ ያለው ያ የሚጠማዘዝ ድምፅ ቀስ በቀስ ሲከፈት ትከሻዬ እንደወረደ አስተዋልኩ። ለካ ትከሻዬን ሰቅዬ ነበር የተቀመጥኩት! አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ፤ ምናልባት በጣቴ ጉልበቴን እየመታሁ ነበር።

የሽፖንግሉ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ያው ሳይመን ፖስፎርድ ነው አሉኝ፤ «ትዊስትድ»ን እ.ኤ.አ. በ1995 ብቻውን የሠራው፣ ይኼኛውን በ1998 ከራጃ ራም ጋር። ራጃ ራም የሚነፋው ዋሽንት ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መሃል ብቅ ሲል ገጠር ያደገች ሴት ጆሮዋ ቀጥ ይላል። የመጨረሻው ረጅም ትራክ መነሻው ሕንድ ላይ ያዩት የፀሐይ ግርዶሽ ነው መባሉን ሳውቅ ደግሞ የበለጠ ገባኝ። ከሁለቱ ይኼን እመርጣለሁ። ነጥብ ግን አትጠይቀኝ፣ ደብተር የለኝም። አንድ ነገር ላይ ግን ካንተ እለያለሁ። የወንድሜ ልጅ እግረ መንገዱን የኢንፌክትድ መሽሩምን «ኮንቨርቲንግ ቬጀቴሪያንስ» ጨመረልኝ፣ የ2003ቱን። ሁለት ዲስክ ነው፤ አንዱ ትራንስ፣ ሌላው አንተ የምትጠላው ዓይነት፣ ዘፈን ያለበት። እኔ ሁለተኛውን ወደድኩት። ስንት እንደሰጠኸው መገመት አያቅተኝም!

አየህ፣ አሁን እኔና አንተ አልተስማማንም፤ ግን አልተጣላንም። ለምን ይመስልሃል?

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። «እውነት መናገር ጥፋት ነው?» ብለሃል። አይደለም። ዋሽተህ 8 ብትሰጠው ኖሮ ዛሬ ሌላ ደብዳቤ ትጽፍልኝ ነበር። ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የነገርከው እውነት ስንት እጁ ስለ አልበሙ እንደሆነ ነው። እስቲ ደብተርህን አውጣና የኤፌክስ ትዊንን ገጽ ግለጥ። የ1992ቱ አልበም፣ 10 የሰጠኸው። አንድ ወጣት ቤቱ ውስጥ በራሱ መሣሪያ የሠራው ነው፤ የቅጂው ጥራት ደካማ መሆኑን አድናቂዎቹ ራሳቸው አይክዱም። የካሴት ሹክሹክታ ያለበት፣ ዳር ዳሩ የደበዘዘ ድምፅ። እዚያ ገጽ ላይ «ድፍርስ» ብለህ ጽፈሃል? ወይስ «ሞቅ ያለ»፣ «ሕልም የሚመስል» ነው ያልከው? አልፈርድብህም፤ እኔም ብሆን የማውቀው ሰው የሠራው ነገር ላይ እንከኑ ቶሎ ይታየኛል። የሩቅ ሰው ሲያጠፋ ስልት ነው እንላለን፤ የሰበታ ልጅ ሲያጠፋ ግን ስህተት።

«የ1995 ቅጂ ነው» የሚለውም እንዲሁ። ያ የሚንጫጫና የሚያላዝን የሲንት ድምፅ የማን ነው? ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 «ቲቢ 303» የምትባል ትንሽ ሳጥን አወጣ፤ ባስ የሚመታለት ሰው ላጣ ጊታሪስት ታስባ። ገበያ አላገኘችም፣ 1984 ላይ መሥራቷ ቆመ። በርካሽ ስትሸጥ የገዟት የቺካጎ ልጆች ቁልፎቿን ያለ ልክ ሲያዞሯት ነው ያ ድምፅ የወጣው። ከቺካጎ ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያ ሕንድ ውስጥ ጎዋ ባሕር ዳር ወደሚጨፍሩት፣ ከእነሱ ወደ ፖስፎርድ፣ ከፖስፎርድ በአንድ የሰፈር ልጅ ፍላሽ ወደ አንተ፣ ካንተ ወደ ሰበታ። ጓደኛህ ከዚህ ሰልፍ መጨረሻ ነው የቆመው። የመጀመሪያ አልበም ላይ የሚወደውን ሰው ያልመሰለ ማን አለ? ዜማ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የየኔታውን ድምፅ ነው የሚያመጣው፤ የራሱ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ይህን የምልህ አስተያየትህ ትክክል አይደለም ለማለት አይደለም። ባሱ በእርግጥ ድፍርስ ሊሆን ይችላል። ግን ለምን ድፍርስ እንደሆነ አስበሃል? ሁለት ዓመት ማታ ማታ ነው የሠራው፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ በኢርፎን መሆኑ አይቀርም። በርካሽ ኢርፎን ወይም በላፕቶፕ ስፒከር ደግሞ የታችኛው ድምፅ በቅጡ አይሰማም። ሠሪው የማይሰማውን ነገር እንዴት ያጥራው? የወንድሜ ልጅ እንዳስረዳኝ ከሆነ በዚህ ሙዚቃ እያንዳንዱ ምት በአራት ይከፈላል፤ ከበሮው በመጀመሪያው ሲመታ ባሱ ዝም ይልና በተረፉት ሦስት ሽርፍራፊዎች ላይ ይገባል፤ እኩል ከወደቁ ይጋጫሉ፣ ያ ነው የሚደፈርሰው። አንተ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ታዲያ «እዚህ ጋ ከበሮውና ባሱ እየተደራረቡ ነው፣ ና እኔ ቤት በትልቁ ስፒከር እንስማው» ብትለው ኖሮ፣ ያው እውነት ነው፤ ሰውየው ግን ይዞት ቤቱ የሚገባው ሥራ ያገኝ ነበር። «3 ከ10»ን ይዞ የት ይግባ?

አሁን ወደ «ትንሽ ሳቅንም»።

ጓደኛህን ያስቀየመው ነጥቡ አይመስለኝም። ሰው ሥራውን ሲያቀርብ ትችት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሆዱን አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ያልተዘጋጀው ለጠረጴዛው ነበር። ፍላሹን ለማን ነው የሰጠው? ላንተ። «ስማውና ንገረኝ» ያለው አንተን ነው። መልሱን የሰማው ግን በሁለት ሰዎች ፊት፣ ከደብተር ላይ በሚነበብ ድምፅ፣ እንደ መጋዘን ቆጠራ። ሁለቱ ልጆች ሙዚቃውን ሰምተውታል? ከጻፍከው እንደምረዳው አልሰሙትም። ያልሰሙትን ነገር ነው የሳቁበት፤ የሚስቁበትን ቃል ያቀበልካቸው ደግሞ አንተ ነህ። «ወፍጮ ቤት» የሚለውን ስም አላወጣሁም ብለሃል፣ አምንሃለሁ። ግን ቅጽል ስሙ የተፈተለው አንተ ካነበብከው ጥጥ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይኼ ስም ግን እሱ ጆሮ መድረሱ አይቀርም፣ ምናልባትም ደርሷል።

ይህን ስጽፍልህ ከላይ ሆኜ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ታናሽ እህቴ አንድ ግጥም ጽፋ አሳየችኝ። ያኔ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀምሬ ስለነበር የማውቅ መስሎኛል። በቀይ እስክሪብቶ ቤት የማይመታውን ሁሉ አስምሬ መለስኩላት፤ እራት ላይ፣ አባታችን ፊት። ትችቴ ትክክል ነበር። እህቴ ዛሬ ሦስት ልጆች አሏት፣ ደህና ነን፣ እንዋደዳለን፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ግጥም አሳይታኝ አታውቅም። ትጽፍ ይሁን አትጽፍ እንኳ አላውቅም። ለመጠየቅ ደፍሬ አላውቅም።

አንተ ገና ሁለት ወር ነው፤ ቶሎ የሚደረስበት ነው። ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ወንዶች ብዙ ጊዜ ይህን ትመርጣላችሁ፣ ጊዜ ይፈታዋል እያላችሁ። ይፈታው ይሆናል። ነገር ግን ዝም ስትል እሱ የሚሰማው የመጨረሻ ድምፅ ያ ሳቅ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው በስልክ ረጅም ይቅርታ መጻፍ ነው። እንዳታደርገው! አንተን ደብዳቤህ ላይ እንዳወቅሁህ ስትጽፍ ትተነትናለህ፤ አራተኛው መስመር ላይ «ባሱን በተመለከተ ግን» ማለትህ አይቀርም።

የምመርጥልህ መሄድን ነው። እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ቤቱ በሚገኝበት ሰዓት። ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲ አድርገህ ጀሞ፣ ከጀሞ ዓለም ገና፣ ከዚያ ሰበታ፤ ሩቅ ነው፣ ሩቅ መሆኑ ራሱ ይናገርልሃል። ከተማዋን በጀርባዋ ዞረህ ማለት እኮ ነው። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ለቤተሰቡ ቡናም ቢሆን ብርቱካንም ቢሆን ያዝ። ደብተሩን ግን ቤት ተወው። ሲከፍትልህ ስለ አልበሙ አትጀምር። «ሰው ፊት ማንበቤ ልክ አልነበረም፣ መሳቃችንም ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ አድርግልኝ» በቃ። «ግን» የሚል ቃል አትጨምርበት። ዝም ቢልህ ዝም በል። ፊቱ ቢጠቁር አትደንግጥ፤ ሁለት ወር ያደረ ነገር በአንድ ቀን ፊት ላይ አይጠፋም።

ከዚያ ካስቀመጠህ፣ አልበሙን አብራችሁ መስማት ትችሉ እንደሆነ ጠይቀው። ዘጠኙንም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳታቆሙ። አንተ 214 አልበም ሰምተሃል፤ ከነዚያ ሁሉ ውስጥ ሠሪውን አጠገብህ አስቀምጠህ የሰማኸው አለ? ጉርሻ የተጎራረስከው ሠሪ ይኼ አንዱ ብቻ ነው። አራተኛው ትራክ ሲደርስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ይኼ ወፍጮ የማን ነው? እኔ ደብዳቤህን ሳነብ የቆየብኝ እሱ ነው። ሰው ዓለም ላይ ካለው ድምፅ ሁሉ መርጦ፣ ስልኩን ይዞ ወፍጮ ቤት ሄዶ፣ ዱቄቱ መሃል ቆሞ ሲቀርጽ ምክንያት ይኖረዋል። ቀበቶው ሲዞር የሚያሰማውን ያንን ቱግ ቱግ ታስታውሰው የለ? ሰፈራችሁ ቱሉ ዲምቱ ገና ማሳ ሳለ ባትደርስበት እንኳ እናትህ ታውቀዋለች። እኔ በልጅነቴ እህል ተሸክሜ ተራ ስጠብቅ በዚያ ምት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሳስበው ያንተ ትራንስ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቦታው አይደለም ብለሃል፤ ምናልባት አልበሙ ውስጥ የራሱ የሆነው ብቸኛ ቦታ እሱ ይሆናል። ሰምተህም ካልተስማማህ ንገረው፣ ብቻችሁን ናችሁ።

ሁለቱን ልጆች በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ሌላ ቀን ያን ስም ሲጠሩ «ተዉት፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» በላቸው። አንዴ ከበቃ በቃ።

እናትህ ጋ ስመጣ ልቤ ትንሽ ሳቀ፤ ትራሴ ሳይቀር ስትል። ጠበሉን እንደ ስድብ አትውሰደው። የሚያስፈራትን ነገር በምታውቀው መንገድ ነው የተከላከለችልህ። ግን እስቲ በእሷ በኩል ሆነህ ስማው። አንተ ክፍልህ ውስጥ ሲንቱን፣ ዋሽንቱን፣ ያን ሁሉ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ትሰማለህ። ቀጭኑ ድምፅ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ወፍራሙ ያልፋል። 50 ኸርዝ የሆነ የባስ ድምፅ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ነው፣ ካንተ ክፍል ይረዝማል፤ ብሎኬት አያቆመውም። ስለዚህ እናትህ የምትሰማው ምቱን ብቻ ነው። በደቂቃ 145 ጊዜ የሚመታ ከሆነ በሰዓት 8,700 ድቅ ድቅ ነው፣ በጨለማ፣ ከልጇ ክፍል። እኔም ብሆን ጠበል እረጫለሁ!

ከማስረዳትህ በፊት ይህን አስተካክል። ስፒከሩ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ አንሳውና ወፍራም ስፖንጅ ነገር ላይ አድርገው፣ ከእሷ ግድግዳም አርቀው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በሄድፎን ብቻ ስማ። ሄድፎኑንም ቢሆን አታጩኸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል ላይ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ጆሮህ የሥራ መሣሪያህ ነው፣ ቢያንስ የደብተርህ።

እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ፣ ሳትቀየመኝ። አልጠጣም አላጨስም ብለሃል፤ አመንኩህ። «ሳይኬደሊክ» የሚለው ቃል ግን ታሪኩ ከሙዚቃ ሳይሆን ከሕክምና ነው የሚነሳው፤ አንድ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ አእምሮ ለዋጭ መድኃኒቶች ሲጽፍ ከግሪክኛ የፈጠረው ነው። የሽፋኖቹ እንጉዳይም የመጣው ከዚያ ነው። እናትህ ስሙን ባታውቀው እንኳ ሽታውን አውቃለች፤ ጎረቤታችሁም እንዲሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጥርት አድርገህ «እማዬ፣ ምንም የምወስደው ነገር የለም፤ ሥዕል ነው፣ ሙዚቃ ነው» በላት። እንቅልፍህስ? ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ? እናቶች ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን ሲቃወሙ የሚፈሩት ጠዋት የሚያዩትን የልጃቸውን ዓይን ነው። ያ ሰማያዊ ፊት ደግሞ ከበሩ ትይዩ ከሆነ ወደ ሌላ ግድግዳ ብታዛውረው ምን ይቀርብሃል?

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ቡና ስታፈላ እንድትሰማ ጋብዛት። «ትዊስትድ»ን እንዳትከፍትባት! ኃይሉ መርጊያን ክፈትላት፣ «ሸሞንሟናዬ»ን። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን የሠራው ነው። ዜማውን ታውቀዋለች፤ አብራ ታንጎራጉራለች። መሃል ላይ «እማዬ፣ ከበሮ መቺው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው» በላት። ሰውየው ኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ አልበሙ ከ28 ዓመት በኋላ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ዞሮ እንደሰማውም ንገራት፤ ታሪክ ትወዳለች ብዬ እገምታለሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ከፈለገች፣ ያቺን ዋሽንት ያለባትን የሽፖንግል ክፍል፣ ቀስ አድርገህ።

በገናን ምሳሌ ልታደርግ ያምርሃል፤ ያንን እወቅበት። እርግጥ የአሥሩ ጅማት ያ ንዝረት፣ ዕንዝራው (ከጅማቱ ሥር የሚገባው ቆዳ) የሚሰጠው፣ አንተ ከምትወዳቸው ድምፆች ጋር ይቀራረባል፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ሰውን ወደ ውስጥ መውሰዱም እንዲሁ። ለራስህ አስበው። ለእሷ ግን በገና የሑዳዴ ነው፣ የጸሎት ነው። «ያው ነው» ካልካት ታዝንብሃለች፣ እኔም አዝንብሃለሁ። እንዲያውም አትግለጽላት፤ አንድ ቀን ራሷ «ይኼማ በገና ይመስላል» ካለች ዝም ብለህ ስማት።

ባትወደውም አይክፋህ። ሰው ስለምንወደው ነገር ሁሉ ከ10 እንዲሰጠን አንጠብቅ፤ ግድግዳውን መምታቷን ከተወች ትልቅ ነገር ነው።

እኔ የሽፖንግልን የመጨረሻ ትራክ፣ ያን 20 ደቂቃ የሚጠጋውን፣ እስካሁን አልጨረስኩትም፤ ሁለቴም ሜክሲኮ ደርሼ ወረድኩ። እሑድ ስትመለስ ስለ ወፍጮው ጻፍልኝ።